ለመውጣት ድምፅ የሰጠች ከተማ

«እናቴ ከተማችንን ለቅቀን እንድንወጣ ድምፅ ሰጥታለች።»

ባልደረባዬ ይህን የነገረችኝ ሁለታችንም በምንሠራበት፣ ጀርመን አገር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ በአንድ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የጥሪው ደወል ጋብ ሲል ቡናችንን ይዘን ተቀምጠን፣ ስለ ትውልድ አገሯ ስለ ክሮኤሺያ ታወጋኛለች። በልጅነቷ በስደት መጥታ የለመደችው ጀርመንኛዋ ከእኔ እጅግ የተሻለ ስለሆነ ጥፋቱ የራሴ ጆሮ መስሎኝ፣ «ድምፅ የሰጡት ለየትኛው ፓርቲ ነው?» አልኳት። «ለፓርቲ አይደለም» አለችኝ፤ «እንቅር ወይስ እንውጣ ተብለው ነው የተጠየቁት። ከተማው በሙሉ።» ወዲያው ከአንዱ ክፍል ደወል ተደወለ፤ ስኒዋን አስቀምጣ ሄደች።

እኔን ግን ነገሩ ከዚያች ሌሊት ወዲህ አልለቀቀኝም። ሰው ሲሰደድ፣ ሲፈናቀል፣ ሲባረር አውቃለሁ፤ እነዚህን ቃላት የሚያስረዳኝ መምህር አያሻኝም። አንድ ከተማ ግን ተሰልፎ፣ ወረቀት ተቀብሎ፣ ሣጥን ውስጥ ከትቶ፣ ውጤቱን ከቆጠረ በኋላ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለወራት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በመጨረሻም የወይን ለቀማ በደረሰ ጊዜ የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ ከእሷ ጋር ወደ እናቷ ቤት ወረድኩ። ከተማዋ ኢሎክ ትባላለች። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ገደሉና ሜዳው

ክሮኤሺያን በእግር ኳሷና በባሕር ዳርቻዋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ኢሎክ ቢደርስ የተሳሳተ አውቶቡስ የተሳፈረ ይመስለዋል። አገሪቱ በካርታ ላይ እንደ ተከፈተ መንጋጋ ናት፤ የታችኛው መንጋጋ የአድሪያቲክን ባሕር ተከትሎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ የላይኛው ደግሞ በሜዳው ላይ ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል። ኢሎክ የላይኛው መንጋጋ የመጨረሻ ጥርስ ናት። በሰሜን ዳኑብ፣ ከዳኑብ ማዶ ሰርቢያ፤ በምሥራቅም ሰርቢያ፣ በደቡብም ሰርቢያ። ከቀረው አገሯ ጋር የሚያገናኛት ዋናው መንገድ ወንዙን ይዞ ወደ ምዕራብ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ቩኮቫር የሚሄደው ነው። በሰላም ጊዜ ይህ የጉዞ መመሪያ ብቻ ነው። በጦርነት ጊዜ ግን የከተማዋ ዕጣ ፈንታ በሙሉ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ።

ከተማዋ ለምን እዚያ እንደ ተቆረቆረች የገባኝ በእግሬ ስወጣው ነው። የዳኑብ ግራ ዳርቻ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ሲሆን፣ ቀኙ ግን የፍሩሽካ ጎራ ኮረብቶች ምዕራባዊ ጫፍ ስለሆነ ከውሃው ቀጥ ብሎ ይነሣል። አፈሩ በበረዶ ዘመን ነፋስ አምጥቶ የከመረው ቢጫ ብናኝ ነው፤ ሎስ ይሉታል። በጣቴ ስፍቀው እንደ በሶ ዱቄት ረገፈልኝ፤ ይሁን እንጂ ሲቆርጡት እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ሰው በላዩ ወይን ይተክልበታል፣ በውስጡ የወይን ጠጅ ማኖሪያ ይቆፍርበታል፣ በጫፉ ላይ ደግሞ ምሽግ ይሠራበታል። ሮማውያን ዳኑብን የግዛታቸው ዳርቻ ባደረጉበት ዘመን ኩኪየም የሚባል የጦር ሰፈር እዚሁ ነበራቸው። ከላይ የተቀመጠ ከታች የሚመጣውን ያያል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ገዥ ሁሉ የፈለገው ይህንኑ ነው።

ዳኑብ ከጀርመን ተነሥቶ ጥቁር ባሕር እስኪገባ 2,850 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ኪሎ ሜትሩ የሚቆጠረው ግን ከምንጩ አይደለም፤ ከባሕሩ ወደ ላይ ነው። ኢሎክ ላይ ቁጥሩ 1,300 ገደማ ይደርሳል። ወንዙ ምን ያህል እንደ መጣ ሳይሆን ምን ያህል እንደ ቀረው ይነገርዎታል ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ ዳርቻው ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ትልቅ ግንድ፣ ጥቁር ወፍ በላዩ አቁሞ፣ ቀስ ብሎ በፊቴ አለፈ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው አባባል በሌላ ሰው ወንዝ ላይ ሲፈጸም ማየት ያስቃል።

ማደሪያ የሌለው ወንዝ ድንበርም አይረጋለትም። ዳኑብ እዚህ አካባቢ እየተጠማዘዘ ይሄድ ስለ ነበር፣ ከፊሉን ራሱ፣ ከፊሉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ እንዲመቸው ብሎ ሰው እየቆረጠ መሥመሩ ተለወጠ። ክሮኤሺያ «ድንበሩ የድሮው የመሬት መዝገብ ነው» ትላለች፤ በመዝገቡ መሠረት የመንደሮቿ መሬት ከፊሉ ዛሬ ከማዶ ቀርቷል። ሰርቢያ ደግሞ «ድንበሩ የወንዙ መካከል ነው» ትላለች። ከኢሎክ ጥቂት ወደ ላይ ያለችው የሻሬንግራድ ደሴት ስሟ ከክሮኤሺያው መንደር ሆኖ ሳለ በሰርቢያ እጅ ናት፤ በሐምሌ 2002 ወደ ደሴቲቱ በጀልባ የሄዱ ሲቪሎችን የዩጎዝላቪያ (ያኔ ሰርቢያ ያለችበት አገር) ወታደሮች ተኩሰው አስቁመው ይዘዋቸው ነበር። ከዚያም ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ሁለቱም አገሮች የእኔ ነው የማይሉት ቁራሽ ጫካ ስለ ተገኘ፣ በ2015 አንድ የቼክ ፖለቲከኛ ሄዶ ሰንደቅ ተክሎ «ሊበርላንድ» የሚባል አገር መሠረትኩ ብሏል። ለሰባት ጋት መሬት ደም የሚፋሰሱ ሰዎች ባሉበት ምድር ባለቤት ያጣ መሬት መገኘቱ ራሱ ጉድ ነው።

ድንጋዩ ይቀራል

ታሪኩን በሙሉ አልተርክም፤ ምሽጉ ውስጥ አንድ ሰዓት የዞረ ሰው የሚያየውን ብቻ ልበል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ጌታ ኒኮላ ኢሎችኪ ነበር፤ የሃንጋሪው ንጉሥ ማትያስ በ1471 የቦስኒያ ንጉሥ አደረገው፣ በ1477 ሞተ። የእሱና የልጁ የሎቭሮ የመቃብር ድንጋዮች በፍራንሲስካውያኑ ቤተ ክርስቲያን ይታያሉ። በዚያው ገዳም በጥቅምት 1456 ጣሊያናዊው ሰባኪ ዮሐንስ ካፒስትራኖ በ70 ዓመቱ በወረርሽኝ ሞተ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ከበልግራድ ቅጥር ሥር የኦቶማኑን ሱልጣን የመሐመድ 2ኛን ጦር ለመመለስ ሕዝብ ያዘመተው እሱ ነው። ከተማዋ እንደ ቅዱሷ ታከብረዋለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስብከቱና በችሎቱ አይሁድን ያስቃጠለ ሰው መሆኑን ስለማውቅ እኔ ከሐውልቱ ፊት ብዙ አልቆምኩም።

ሱልጣን ሱሌይማን በ1526 ሃንጋሪ ውስጥ ወዳለችው ሞሃች ሲዘምት ኢሎክን ያዘ፤ የካፒስትራኖም ዐፅም ከዚያ በኋላ የት እንደ ገባ አልታወቀም። ኦቶማኖች እስከ 1688 ቆይተው ሲወጡ የመታጠቢያ ቤት ፍርስራሽና አንድ የመቃብር ቤት ቀረ። በ1697 ንጉሠ ነገሥት ሊዮፖልድ ቀዳማዊ ከተማዋን ኦዴስካልኪ ለሚባል የሮማ መሳፍንት ቤተሰብ ሰጠ፤ ዛሬ ሙዚየም የሆነው ቤተ መንግሥት የእነሱ ነው። ጀርመኖችም፣ አይሁድም፣ ስሎቫኮችም በየጊዜው መጥተው ሰፍረዋል። አይሁዱ በ1942 ተወስደው አለቁ። ጀርመኖቹ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ወጡ። ከስሎቫኮቹ ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። ይህን ሁሉ ሙዚየሙ ውስጥ በተርታ ሳየው የከበደኝ አንድ ነገር ነው፦ መጤ ሁሉ ድንጋይ ትቷል፣ ድንጋዩንም ከተማዋ ጠብቃለች፤ የወጡት ሰዎች ግን በቁጥር ካልሆነ በስተቀር የትም አልተጻፉም።

ከቤተ መንግሥቱ ሥር በሎሱ ውስጥ የተቆፈረው አሮጌ የወይን ጠጅ ማኖሪያ አለ። ዝነኛው ነጭ ወይናቸው ትራሚናች ይባላል፤ በ1953 ለእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በዓል የተላከው የ1947ቱ ምርት መሆኑን ሳይነግርዎ የሚያልፍ የኢሎክ ሰው የለም። አስጎብኚዋ አንዱን ግድግዳ በመዳፏ እየመታች፣ በ1991 ሠራተኞቹ ከመውጣታቸው በፊት አሮጌዎቹን ጠርሙሶች በጡብ አጥረው እንደ ደበቋቸው፣ ከዓመታት በኋላም ተመልሰው እንዳገኟቸው ተረከችልን። ባልደረባዬ በጆሮዬ፣ «ወይኑን ደበቁት፤ እኛን የሚደብቅ ጡብ አልነበረም» አለችኝ።

ወረቀቱ

እናትየው በስደት ስድስት ዓመት ጀርመን ስለ ኖሩ ያለ አስተርጓሚ እንነጋገር ነበር። በሁለተኛው ምሽት ወይን ስንለቅም ውለን፣ ጣቶቻችን በስኳር ተጣብቀው፣ በጓሯቸው ካለው አግዳሚ ተቀመጥን። ከታች ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ የሰርቢያዋ ከተማ የባችካ ፓላንካ መብራት ይታያል። ጨዋታ ለማምጣት ብዬ፣ በእኛ ቋንቋ በሰው አገር ያገኙትን የአገር ልጅ «የወንዜ ልጅ» እንደምንለው ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። ቃሉን ሁለት ጊዜ በአማርኛ አስደገሙኝ። ከዚያ ወደ መብራቱ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «እንግዲያ እነዚያስ? ውሃው አንድ ነው» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ እሳቸውም አልጠበቁኝም። ምሽቱን ሙሉ ስጠብቀው የነበረውን ወሬ በራሳቸው ጊዜ ጀመሩት።

ክሮኤሺያ ከዩጎዝላቪያ ነፃነቷን ባወጀችበት በ1991፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ቩኮቫር ተከበበ፤ የመድፉ ድምፅ ኢሎክ ድረስ ይሰማ ነበር። በዙሪያው ያሉ መንደሮች አንድ በአንድ ሲወድቁ ሰዉ በትራክተር እየተጫነ ወደ ኢሎክ ገባ፤ ከኢሎክ ወዲያ መሄጃ የለም። የዩጎዝላቪያ ሕዝባዊ ጦር ከተማዋን በየአቅጣጫው ይዞ መሣሪያ አስረክቡ አለ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ የላካቸው ታዛቢዎች ነጭ ልብስ ስለሚለብሱ ሕዝቡ «አይስክሬም ሻጮች» ይላቸው ነበር፤ እነሱ ባሉበት ድርድር ተደረገ። ድርድሩ እየቀጠለ ሳለ ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥ ተወሰነ። አብላጫው ለመውጣት ድምፅ ሰጠ። ጥቅምት 17 ቀን 1991 የመኪና፣ የትራክተርና የጋሪ ሰልፍ ከተማዋን ለቅቆ፣ በሰርቢያዋ በሺድ በኩል ዞሮ ወደ ክሮኤሺያ ይዞታ ተሻገረ። ቩኮቫር የወደቀው ከዚያ አንድ ወር በኋላ፣ ኅዳር 18 ነው፤ በዚያ የደረሰውን እልቂት ዓለም ያውቀዋል። ይህን ያህሉን አንብቤ ነበር የሄድኩት። ያላነበብኩት የሚከተለውን ነው።

«ወረቀቱ ትንሽ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «ትልቅ ነገር የሚጠየቅበት ወረቀት ትልቅ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር መሰለኝ። ባለቤቴ ከኋላዬ ተሰልፏል፤ አልተያየንም። እኔ እንውጣ አልኩ። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሌላ ምን እላለሁ? ማታ ቤት ስንገባ እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት። ውጤቱ ተነገረ፤ ጫንን፤ ሄድን። በሦስተኛው ዓመት ጀርመን፣ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ስልጥ፣ 'እኔ እንቅር ነበር ያልኩት' አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«'ብቻህን ልትቀር ነበር?' አልኩት። እሱም 'ብቻሽን ልትሄጂ ነበር?' አለኝ። ድንቹን ልጬ ጨረስኩ።»

ባልደረባዬን አየኋት፤ ይህን ስትሰማ ለእሷም የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። አባቷ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

ሴትዮዋ ቀጥለው ስለ ቁልፉ ነገሩኝ። በሩን ቆልፈው ቁልፉን በኪሳቸው ከትተው እስከ መንገዱ ማጠፊያ ከሄዱ በኋላ ተመልሰው ቁልፉን በሩ ላይ ሰክተውት ሄዱ። «የሚገባው መግባቱ ላይቀር፣ በሩን ለምን ይስበረው?» አሉኝ። ድምፅ ስለ መስጠት የነበረኝ ጥያቄ ሁሉ እዚህች ቁልፍ ላይ መጥቶ ቆመ። በገዛ እጃቸው ሰኩት፤ ማንም አላዘዛቸውም። ይህን «ፈቃድ» የሚለው ሰው ካለ ግን ፈቃድ የሚለውን ቃል አያውቀውም።

በቋንቋችን «ወጣ» እና «አስወጣ» መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ፊደል ነው። የኢሎክ ሰዎች ግሱን ራሳቸው መርጠው ወጡ፤ ከጀርባው ግን «አስ» ቆሞ ነበር፣ በታንክ ላይ። ምርጫው ለእነሱ ምን ጠቀማቸው ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። የቩኮቫርን ዕጣ ሳየው ልጆቻቸውን ማትረፉ እርግጥ ነው። ለከበባቸው ጦር ግን ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልነበረም፤ «ራሳቸው ወደው ሄዱ» ለማለት የድምፅ ቆጠራ ሰነድ በእጁ ገባለት። የቀድሞዋን ዩጎዝላቪያ ወንጀሎች የዳኘው የሄጉ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ግን በያኔው የሰርቢያ ፕሬዚዳንት በስሎቦዳን ሚሎሼቪች ላይ ባቀረበው ክስ ቢያንስ 5,000 የኢሎክ ነዋሪዎች በግዳጅ ተባርረዋል ሲል ጻፈ። ተከሳሹ በመጋቢት 2006 ፍርድ ሳይሰጥ ስለ ሞተ ግሱን የሚያጸና ዳኛ በዚያ መዝገብ አልተገኘም። ያቺን የክስ አንቀጽ ለሴትዮዋ ስነግራቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እኔ ግን ድምፅ ሰጥቻለሁ» አሉኝ። ሕጉ ነፃ ቢያወጣቸውም እሳቸው ራሳቸውን አላወጡም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተንስ ጠይቀውህ ነበር?» አሉኝ። አልጠየቁኝም። እኔ ነበርኩ የጠየቅኩት፤ እናቴን «ልሂድ?» አልኳት፣ እሷም ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። እስከ ዛሬ እሺ እንዳለችኝ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

የተመለሱት

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይባላል፤ ስለ ተመለሰው ግን የሚለን የለም። በኅዳር 1995 በተፈረመው የኤርዱት ስምምነት መሠረት አካባቢው ከ1996 እስከ ጥር 15 ቀን 1998 ድረስ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተዳድሮ ወደ ክሮኤሺያ ተመለሰ። በእነዚያ የባዶነት ዓመታት አንድ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ገዳሙን ሳይለቁ ቆይተዋል። ሴትዮዋ ቤታቸው ሲደርሱ የቆያቸው ከሌላ የክሮኤሺያ አውራጃ የተፈናቀለ የሰርብ ቤተሰብ ነበር። ጠብ አልነበረም። የቤቱ እመቤት አዲሱን ቁልፍ በእጃቸው ሰጠቻቸው፤ ከዚያም የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ላይ ካልተነሣ እንደማይከፈት በትዕግሥት አሳየቻቸው። «ባለቤቴ በገዛ እጁ አጣሞ የገጠመውን መስኮት ነው የምታሳየኝ» ብለው ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ያ ቤተሰብ ከዚያ ወዴት እንደ ሄደ ጠየቅኳቸው። አያውቁም።

ክሮኤሺያ በሐምሌ 2013 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን ደግሞ ሌላ መውጣት ተጀመረ። በ2011 ቆጠራ ከነመንደሮቿ ከ6,700 በላይ የነበረው የኢሎክ ሕዝብ በ2021 ወደ 5,000 ወረደ። ወደ ባችካ ፓላንካ የሚያሻግረው ድልድይ ከጥር 2023 ጀምሮ የሸንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ የጉዞ ክልል) ዳርቻ ሆኗል፤ ወደ ምዕራብ ግን እስከ ሊዝበን ሁሉም ሸንገን ነው። በመንገዳችን ያየናቸው ቤቶች መዝጊያቸው ወርዶ፣ የወይን ሐረጉ በላያቸው ወጥቶ፣ «ይሸጣል» የሚል ጽሑፍ ፀሐይ አንጥቶባቸው ነበር። ጥይት ያልነካቸው ቤቶች ናቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስንነሣ ሴትዮዋ በሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ገና እየፈላ ያለ የዘንድሮ ወይን ጫኑልን፤ ክዳኑን አጥብቀን እንዳንዘጋው አስጠነቀቁን። ሻሬንግራድን እስክናልፍ ባልደረባዬ አንድም ቃል አልተናገረችም። ከዚያ መሪውን እንደ ያዘች፣ «እኔ በ2014 ስወጣ» አለች፣ «ማክሰኞ ወሰንኩ፣ ዓርብ የአውቶቡስ ትኬት ገዛሁ። ማንም ድምፅ አልሰጠም። አባቴ ሻንጣዬን እስከ ፌርማታው ተሸከመልኝ።»

«ምን አሉሽ?»

«አውቶቡሱ ሽንት ቤት አለው ወይ ብሎ ሾፌሩን ጠየቀልኝ።»

ቩኮቫር ላይ ነዳጅ ስንቀዳ ከጠርሙሶቹ አንዱ ገንፍሎ የኋላውን ወንበር አርሶት አገኘን። በወረቀት መሐረብ እየጠረግነው ሳለን የማክሰኞን የሌሊት ፈረቃ ልትለዋወጠኝ ትችል እንደ ሆነ ጠየቀችኝ፤ እሺ አልኳት።